ሁለተኛ አይከፈትም

ዋናው መሐንዲስ ከመኪናው ሳይወርድ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ አንቴና ዝጎ፣ ተጣሞ፣ ከጥቅም ውጪ ሆኖ እንዲያገኘው። ሰው የሟች ጓደኛውን ቤት ሊጠይቅ ሄዶ እንዲህ ያለ ነገር ይመኛል ወይ? ይመኛል እንጂ፤ ያውም ዐይኑን በጨው አጥቦ።

የነገሩ መነሻ የዚያ ሳምንት ስብሰባ ነው። ለአዲሱ ሳተላይት ሰፊ አንቴና ያስፈልጋል፤ የሚጭነው ሮኬት ደግሞ ጠባብ ነው። ከመሐንዲሶቹ አንዷ፣ ሥራ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች ልጅ፣ "እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ወጥቶ እዚያ ላይ የሚዘረጋ ብንሠራስ?" አለች።

ዋናው ፈገግ አለ። "ድሮ ተሞክሯል። አንዴ ከታጠፈ ሁለተኛ አይከፈትም።"

"ማን ነው የሞከረው?"

"እኔ ነኛ።"

ልጅቷ አምናው ሐሳቧን ተወች። እሱ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኑ አልዞረም። አልሞከረውማ!

ያንን አንቴና የሠራው ጓደኛው ነበር። ሥራ የጀመሩት በአንድ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛቸው አንድ፣ ምሳቸው አንድ፣ ያጡ የነጡ ስለነበሩ ለቃለ መጠይቅ የሚለብሱት ኮት እንኳ አንድ ነበር። ጓደኛው በቀጫጭን የብረት ዘንጎች መሀል ስስ የሽቦ መረብ ወጥሮ የሚታጠፍ የሚዘረጋ አንቴና ሠራ፤ የሥራ ባልደረቦቹም ሰውየውን ራሱን "ጃንጥላው" ብለው ይጠሩት ጀመር። ዋናው ደግሞ በዚያው ሰሞን የማይታጠፍ፣ እንደ ሳህን ያለ ድፍን አንቴና ሠርቶ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው ወደ ሰማይ የሚሄደው።

"ኧረ ና እባክህ" ይለው ነበር ጃንጥላው፣ "ና በራስህ እጅ ክፈተው ዝጋውና ከዚያ የፈለግከውን በል።"

"ነገ" ይለዋል ዋናው። ነገ ሲደርስ ሌላ ነገ ይቀጥራል። በዚህ መሀል አለቃቸው ጠራውና፣ "አንተ ከሱ ጋር ነው የምትውለው፤ የሱ ሥራ ያስተማምናል?" ብሎ ጠየቀው። ዋናውም እንደ ዘበት፣ "አንዴ ይከፈት ይሆናል፤ ሁለተኛ ግን አይከፈትም" አለ። ቅናት ነበረበት? ነበረበት። ድካምም ነበረበት፤ የሚስቱ እርግዝናም ከብዶ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ለራሱ ምክንያት ሲደረድር ዕድሜውን ጨረሰ።

ድፍኑ ሳህን ወደ ሰማይ ሄደ። ዋናው ስሙ ገነነ፤ የሙያው አንጋፋዎች ተብለው ከሚጠሩት ተርታ ገባ፣ ሽልማቱም ግድግዳ ሞላ። ጃንጥላው አንቴናውን ወደ ቤቱ ይዞ ከሥራው ለቅቆ በየሰው ጣሪያ ላይ እየወጣ የቴሌቪዥን ዲሽ መግጠም ያዘ። ቂም የሚባል ነገር አያውቅም። መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ "ያቺ ነገህ መቼ ነው የምትመጣው?" ብሎ ይስቅ ነበር፤ ዋናውም አብሮ ይስቃል። ጃንጥላው ሲሞት ዋናው ባሕር ማዶ ሽልማት እየተቀበለ ነበርና ለቀብሩ አበባ ላከ። አበባ!

በሩን የከፈተችለት የጃንጥላው ሚስት ናት። በሠርጋቸው ሚዜ እሱ ስለነበር ዛሬም በሌላ ስም አትጠራውም።

"ውይ ሚዜው! መንገዱ ጠፍቶህ ነው ወይስ እኛ ጠፍተንብህ?"

"ሥራው እኮ…"

"ሥራማ ሞልቷል። ግባ፣ ግባ፣ በር ላይ አትቁም።"

ስለ ልጆቹ ጠየቀ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቀ፣ ስለ ጎረቤት ሳይቀር ጠየቀ። ዙሪያ ጥምጥም ከሄደ በኋላ፣ "ያ የድሮው አንቴና… መቼም ተጥሏል አይደል?" አላት።

"የቱ? ልብስ ማስጫዬን ነው?"

የታጠበ ልብስ የሞላ ቅርጫቷን አንስታ ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች። አንቴናው ታጥፎ፣ ወገቡን በእራፊ ጨርቅ ታስሮ፣ ጥግ ላይ ቆሟል። የተተከለበት ቧንቧ ዝጓል። ዋናው ዝገቱን ሲያይ ልቡ በተስፋ ድው ድው አለ፤ እንደዚያ ያለ የሚያሳፍር ተስፋ በሕይወቱ ተሰምቶት አያውቅም።

ሴትዮዋ እራፊውን ፈታችና በአንድ እጇ ሳብ አደረገችው። ዘንጎቹ አንዱም ሳይያዝ፣ ሲጥ እንኳ ሳይሉ ተዘረጉ፤ መረቡ ጓሮውን ሞላው። እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ካልሲዎቹን ማስጣት ጀመረች።

"ሁልጊዜ… እንዲህ ነው የሚከፈተው?" አለ።

"ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ አጥፈዋለሁ። ልጆቹ ሕፃን እያሉማ የሽንት ጨርቁ ብዛት፣ በቀን ስንቴ ነበር!"

አንድ የቀረችው ተስፋ ነበረች። "መቼም ዘይት ትቀቢዋለሽ።"

ሴትዮዋ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። "አንድ ቀን ልቀባው ስል እጄን ይዞ ከለከለኝ። 'ተዪው፤ ዘይት እዚያ ሰማይ ላይ ይተናል። ሚዜያችን መጥቶ ሲያየው በዘይት ነው የሚከፈተው እንዲል አልፈልግም' አለኝ። ይኸው እሱ ከሞተም በኋላ ጠብታ ዘይት አላስነካሁትም።"

ዋናው አንዱን ዘንግ በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። "እስከ መጨረሻው ይጠብቀኝ ነበር?"

"ነገ እመጣለሁ ብለኸው የለም እንዴ?" አለች። ነገር እየወጋችው አልነበረም፤ ሲጠይቃት የምታውቀውን መለሰችለት እንጂ። ለእሱ ግን ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ወደ ቅርጫቱ መለሳቸው። ከዚያ አንቴናውን ይዞ አጠፈው። ከፈተው። ደግሞ አጠፈው። ደግሞ ከፈተው። በሁለት ጣቱ እንኳ ሲገፋው ይታዘዛል። እንባው እየወረደ መሆኑን ያወቀው ሸሚዙ ሲርስ ነው።

"ምን እያደረግህ ነው፣ ሚዜው?"

"እየሞከርኩት ነው።"

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ቅርጫቱን አየች። ከዚያ ዱካ አምጥታ ተቀመጠችና እርጥቡን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "እሺ፣ ሞክረው" ብላ ጠበቀችው።