ከቅርጫቱ የወጣው ባለ ጭራ

ፌላና የምትፈራው ነገር እንደሌለ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ራሷ ናታ የምትናገረው። «ሙት ቢነሳ እንኳ ደህና አደርክ ብዬው አልፋለሁ» ትላለች፣ አገጯን ሽቅብ ቀስራ።

ዘንድሮ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የአያቷ አጥንት ከመቃብር ወጥቶ በአዲስ የሐር መግነዝ የሚጠቀለልበት በዓል የሚደረግበት ዓመት ነው። ሸማኔዋ አክስቷ ዞሊ ናት። ፌላና አብራት መሸመን፣ ከዚያም በበዓሉ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት አማራት። አክስቷም፣ «መጀመሪያ ከጫካ የለቀምሽውን የሐር ትል ጎጆ ቀቅይ። ውስጡ ያለው ትል ሳይሞት ክር አይሆንም» አለቻት።

ጎጆዎቹ እንደ ብር ያብረቀርቃሉ። ለመቀቀያው ማገዶ መልቀም ግን ምኑም አያብረቀርቅም። ፌላና ጎጆዎቹን የያዘውን ቅርጫት እንዳለ ወስዳ ቤት ውስጥ ለሞቱት አያቶች በተተወው ማዕዘን ሰቀለችው፤ እዚያ እጁን የሚሰድ ሰው የለማ። ለአክስቷም «ቀቅዬ፣ እንዲደርቅ ሰቀልኩት» አለቻት።

አንድ ጠዋት ለሞቱት አያቶች የሚቀርበውን ሩዝ ይዛ ስትገባ እግሯ መሬት ላይ ተተከለ። ቅርጫቱ ላይ ቢጫ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ሁለት መዳፍ ተዘርግቶም አይሸፍነውም። ክንፉ ላይ አራት ዓይኖች አፍጥጠዋል። ከታች ሁለት ረጃጅም ጭራዎች እንደ መቀነት ጫፍ ይወዛወዛሉ። ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ደህና አደርክ የሚለው ቃል ከየት ይምጣ!

የአክስቷ ልጅ ቲያና ኮቴዋን እያሰማች ገባች። «ምን ሆነሽ ነው እንደ ምሰሶ የቆምሽው?»

«ቀስ በይ» አለች ፌላና በሹክሹክታ። «አያቴ ናቸው። ቢጫ ለብሰው መጡ።»

«አያቴማ ቢጫ አይወዱም ነበር» አለችና ቀና ስትል እሷም ደርቃ ቀረች።

ዞሊ ክር አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች መጣች። ፌላና አሁንም አፏ አላረፈም፤ «እትዬ፣ መግነዙን እኔ እንድሸምን ሊነግሩን ነው የመጡት።»

አክስቷ ወደ ቅርጫቱ ተጠጋች። ቅርጫቱን ዘንበል አድርጋ አየች፤ አንዱ ጎጆ ጫፉ ተበስቶ ርሷል፣ ሌላው ውስጥ የሆነ ነገር ይጭራል።

«አባባ ጭራ አልነበራቸውም» አለች። «የተቀቀለ ነገር ደግሞ ክንፍ አያወጣም። ቲያና፣ ነይ ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ተቀመጪ።»