ትኩሳት የሌለበት ወረቀት

የሪክስት የሽርት ውሃ ያለ ጊዜው የፈሰሰው በሠላሳ አራተኛው ሳምንት ነው። ምጥ አልተከተለም። ሆስፒታል ሁለት ቀን አቆይተዋት ደህና ስለነበረች፣ የሕፃኑ ሳንባ እንዲጠነክር እስከ ሠላሳ ሰባተኛው ሳምንት ይጠበቅ ተባለ፤ የኢንፌክሽን ምልክት የሆነው ትኩሳት ከታየ ግን በዚያው ቀን እንድትወልድ። ክትትሉ ለእኔ፣ ለመንደሩ አዋላጅ ተሰጠ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብስክሌቴን አጥሩ ላይ አስደግፌ ገባሁ። አልጋው፣ አዋላጅ ሳታጎነብስ እንድትሠራ፣ እንደ ደንባችን ከእግሮቹ ስር እንጨት ገብቶ ከፍ ብሏል። ባሏ ሲብረን ሙቀቷን በቀን ሁለቴ የሚመዘግብበትን ወረቀት ሰጠኝ።

«እይው ጌስከ፣ አንድም ቀን ከሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት አላለፈም።»

«ከላሞቹ ጋር ተራ አስይዞ ነው የሚለካኝ» አለች ሪክስት። «ወተት ብቻ ነው ያልጠየቀኝ።»

«ገና ነው» አላት።

እየሳቅሁ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አደረግሁ። የጽንሱ የልብ ምት መቶ ሰማንያ አምስት፤ ከመቶ ስድሳ ማለፍ አልነበረበትም። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ያው ነው። የእሷም መቶ አሥራ ስምንት። ሞዴሷን አየሁ፤ ውሃው ደፍርሷል፣ ይሸታል። ቴርሞሜትሩ ግን ሠላሳ ሰባት ነጥብ አንድ ይላል።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ኧረ የለም። ፓራሲታሞል ብቻ፣ ለወገቤ። በየስድስት ሰዓቱ ሁለት ሁለት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ካልሽኝ ጊዜ ጀምሮ ነዋ። ሐሙስ ደውዬልሽ።»

ፓራሲታሞልን እኛ እንደ መድኃኒት አንቆጥረውም። ማስታወሻዬን ገለጥሁ። ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ፣ በራሴ እጅ፦ «የወገብ ሕመም። ፓራሲታሞል ትውሰድ።» ትኩሳቱን እንድጠብቅ የተሾምሁት እኔ፣ ሙቀት በሚያወርድ ኪኒን የሸፈንሁትም እኔ።

«ወረቀቱ ላይ እኮ ምንም የለም» አለ ሲብረን።

«ወረቀቱን ተወው። ቦርሳዋን አምጣ፤ አምቡላንስ እጠራለሁ።»

ሆስፒታል እንደደረስን የሕፃኑ ምት አልወርድ ስላለ ሕፃኗን በቀዶ ጥገና አወጧት። ሴት ናት። ዝላ ወጣች፤ ለማልቀስ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት። ሪክስት ገና ከማደንዘዣው አልነቃችም። የሕፃናት ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

«የእናትየዋ ትኩሳት መቼ ጀመረ?»

«አላውቅም» አልሁ። «ከሐሙስ ወዲህ ፓራሲታሞል እንድትወስድ አድርጌአታለሁ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም ቀን ጀምሮ ሊሆን ይችላል።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ጻፈች። «እንግዲያው ሕፃኗን ከሐሙስ ጀምሮ እንደታመመች ቆጥረን እናክማታለን።»

ሲብረን የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ መስታወት ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆሟል። «ትተርፋለች?»

«ነገ ጠዋት ጠይቀኝ» አለችው ሐኪሟ።

ወደ እኔ አልዞረም።