ቁጣ ፍለጋ

እኔ ቤት የሚናፍቀኝ ዓይነት ልጅ አይደለሁም። ኮሌጅ የገባሁ ዕለት ይህንን ሳሎን መሀል ቆሜ ለቤተሰቡ ሁሉ አውጄአለሁ። «ለቅሶ የለም! በየቀኑ ስልክ የለም! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቦርሳ አንጠልጥሎ መመለስ የለም! ሴሚስተሩ ሳያልቅ የዚህን ቤት ደጃፍ ብረግጥ ሰው አትበሉኝ!»

አባቴ መካኒክ ነው። ከጋራዥ መምጣቱ ስለነበር የጣቱን ግራሶ በጨርቅ እየጠረገ፣ «እሺ፣ ጀግናዬ» አለኝ። እናቴ ግን ጀግና አልታያትም። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናችንም ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ስፌት ቤት ነው። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ አንዱም ሳይወድቅባት መቆጣት የምትችል ሴት ከእሷ ሌላ አላየሁም።

«አንቺ ከርፋፋ! ሻንጣውን መተላለፊያ ላይ ገትረሽ ነው ጉራሽን የምትነዢው? ሰው ሳይጠልፍ አንሺው!»

አነሣሁት። አንሥቼም በዚያው ወጣሁ። ተገላገልኩ አልኩ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ አርፎ አያውቅማ!

ኮሌጁ የሙያ ኮሌጅ ነው፤ እኔ እንጨት ሥራ እማራለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። አልጋዬን አላነጥፍም፣ ጫማዬን ባወለቅሁበት እተወዋለሁ፣ ፎጣዬን መስኮት ላይ እሰቅላለሁ። ማንም ትንፍሽ አይልም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር። ፍራሹ ነው ብዬ ገለበጥኩት። ፍራሹ አይደለም። ሻዩ ነው ብዬ ስኳር ጨመርኩበት። ሻዩም አይደለም። ትራሱንም ጠረጠርኩት፤ ምስኪን ትራስ፣ ምንም አላደረገም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ስነቃ ሦስት ሰዓት ሆኗል። የጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ አልፏል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ (ድምጿ ስለማይሰማ «ዝምታ» ብዬ ነው የምጠራት) ቁርሷን በልታ፣ ክፍል ገብታ፣ ለዕረፍት ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጥፍሯን ትሞርዳለች።

«ለምን አልቀሰቀስሽኝም?» አልኳት።

«ደስ ብሎሽ ተኝተሽ ነበር። እንዴት ልረብሽሽ?»

ደስ ብሎሽ! እናቴ ብትሆን ብርድ ልብሱን ከነእኔ ነበር መሬት የምታወርደው።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ። የዶርም ተቆጣጣሪዋን ጫማዬ ሁለት ጊዜ ጠለፋት፤ በማግሥቱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ውድ ተማሪ፣ ጫማሽን መደርደሪያው ላይ ብታስቀምጪ ደስ ይለናል።» ውድ! ወረቀት ደግሞ ምን ዓይነት ቁጣ ነው? ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ሙሉ ጣውላ በስንዝር አሳጥሬ ቆርጬ አበላሸሁ። መምህሩ አየና፣ «አይዞሽ፣ ሰው ከስሕተቱ ነው የሚማረው» ብሎኝ አለፈ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ሁለት ጣት የማትሞላ ቁራጭ ጨርቅ ባበላሽባት እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚሰማ ታሪኬን ታወጣ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ሌላው ሰው የእናቱ ምግብ፣ የእናቱ ጉያ ይናፍቀዋል። እኔን የናፈቀኝ ስድብ ነው። ይህንን ለማን ይነግሩታል?

ስልክ ደወልኩ። (በየቀኑ አልደውልም አልኩ እንጂ በሦስት ሳምንት አንዴ አልደውልም አላልኩም።)

«የኔ እናት! በላሽ? ጠጣሽ?» አለች እናቴ።

የተሳሳተ ቁጥር መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። የእሷው ነው። እኔ ከመቼ ወዲህ ነው «የኔ እናት» የሆንኩት? «በልቻለሁ» ልል ስል ድንገት፣

«አንቺ ከርፋፋ! ካውያውን ጨርቁ ላይ ትተሽ ወዴት ነው? አንሺ!»

«እሺ፣ እማዬ!» ብዬ ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ቆምኩ። ዝምታ እንኳ በርግጋ ሞረዷን ጣለች። ልቤ በደስታ ስትመታ ይሰማኝ ነበር።

«አንቺን አይደለም፣ የኔ ቆንጆ» አለች እናቴ። «እህትሽን ነው።»

እህቴ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቁንጫ እላታለሁ። «ከርፋፋ» የሚለው ማዕረግ ደግሞ የእኔ ነበር። ለፍቼ ነው ያገኘሁት! ገና ወር ሳይሞላኝ ለቁንጫ ተላለፈ። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩና ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። ስሜ ከተወሰደ ቦታዬስ? እዚያ ቤት ውስጥ እኔ አሁን ምንድን ነኝ?

ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰበቤ ሹራብ ረስቻለሁ የሚል ነበር። ፀሐዩ አስፋልት ያቀልጣል፤ ግን ከዚያ የተሻለ ውሸት አልመጣልኝም።

ገና በሩን ስገፋ እናቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ይህቺ ሴት ለደንበኛ ካልሆነ በቀር ለማንም እግሯን ከመርገጫው አታነሣም። «ውይ፣ እንኳን ደህና መጣሽ!» ብላ አቀፈችኝና ደንበኞች የሚቀመጡበት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ልጅ እያለን በዚያ ወንበር አጠገብ ስናልፍ እንኳ በጎን ነበር የምንሄደው። «አንቺ፣ ለእህትሽ ውኃ አምጪላት! ሻይ ቅጅላት! በዚያኛው አይደለም፣ ከቡፌው አውጪ!»

ቁንጫ ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን ብርጭቆ ከቡፌው አወጣች። ያ ብርጭቆ ለአከራያችን ብቻ ነው የሚወጣው። እያስቀመጠችልኝ በጆሮዬ፣ «ልታገቢ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ኧረ ዝም በይ!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ታመሽ ነው?»

እኔም አላወቅሁም። ለመርዳት ልነሣ ቃጣሁ፤ እናቴ «ተቀመጪ፣ መንገድ አድክሞሻል» አለች፤ ወንበሩም ለካ እንደተባለለት የሚመች ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ብርጭቆ መጣ። አባቴ ለምሳ ገባ።

«ጉዞ እንዴት ነበር?» አለኝ በትሕትና።

«ደህና ነበር።» ጉዞው እኮ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው።

«አየሩስ? እዚያ እንዴት ነው?»

«ይኸው... እንደዚሁ ነው፣ አባዬ። ያቺው ፀሐይ ናት።»

«ጥሩ፣ ጥሩ» አለና ጉሮሮውን ጠራረገ። አባቴ በዚህ ድምፅ የሚያወራው ከታክስ ሰብሳቢ ጋር ነው።

እንግዳ ለመጀመሪያው ቀን ወርቅ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ወርቅ ልሆን አልመጣሁም። ስለዚህ ወደ ተግባር ገባሁ። መጀመሪያ ጫማዬን አውልቄ መተላለፊያው ላይ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ወረወርኩት። እናቴ መጣች፣ አየችው፣ ጎንበስ አለችና ጥንድ አድርጋ ጫፉን ወደ በሩ አዙራ አስቀመጠችልኝ። ስሄድ እንዳይቸግረኝ ነው! ከዚያ እግሬን መደገፊያው ላይ ሰቀልኩ። «ትራስ ላምጣልሽ?» አለችኝ። ሦስተኛው ሻይ መጣ። ጎበዝ፣ ሰው እንዴት ነው በገዛ ቤቱ እንዲህ የሚከበረው?

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ የመጨረሻው ኃጢአት። እናቴ አንድ ትልቅ መቀስ አላት፤ ለጨርቅ ብቻ። በዚያ መቀስ ወረቀት መቁረጥ ስለቱን ይገድለዋል። ስምንት ዓመቴ ላይ አንዴ ቆርጬበት ጆሮዬ አሁንም ይግላል። ተንጠራርቼ መቀሱን ከጠረጴዛዋ ላይ አነሣሁ፣ የቆየ ጋዜጣ ያዝኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ፊት ለፊቷ፣ ሽርርርት!

ቁንጫ ትንፋሿን ዋጠች። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። የእናቴ አፍንጫ ተነፋ፣ ጆሮዋ ቀላ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ይኸው መጣልኝ ብዬ አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠበቅሁ።

ምራቋን ዋጠችና፣ «ሌላኛውን መቀስ ላቀብልሽ፣ የኔ እናት?» አለች።

በቃ፣ ለቅሶዬ አመለጠኝ። ለቅሶ የለም ያልኩት እኔ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ እንደ ሕፃን!

«ምን አድርጌሽ ነው?» አልኳት። «ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የምታከብሪኝ?»

እናቴ ደነገጠች። አባቴን አየችው። አባቴ ጣሪያውን አየ።

«እሱ ነው» አለች በመጨረሻ። «በሄድሽ ማግሥት፣ "ልጅቷ ከዚህ ቤት ይዛ የሄደችው ጩኸትሽን ብቻ ነው፤ ተመልሳም አትመጣም" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ፈራሁ። እና ጥርሴን ነክሼ...» ወደ መቀሱ እያየች እንደገና ምራቋን ዋጠች። «ቀላል አይምሰልሽ።»

ልቤ ቅቤ ሆነ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ በክብር ያልቅ ነበር። እኔ ግን ኮሌጅ የገባሁ ሰው ነኝ፤ ንግግር ማድረግ አለብኝ። ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተደላድዬ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ አራተኛውን ሻይ በአንድ እጄ ይዤ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ እኔ ወርቃማ ብርጭቆ አልፈልግም። ተቆጪኝ! ስደቢኝ! እዚያ ማንም አይቆጣኝም፤ ለምን? የማንም አይደለሁማ። እዚህ ግን እኔ እንግዳ አይደለሁም። እኔ የዚህ ቤት ልጅ ነኝ!»

ቆንጆ ንግግር ነበር። አባቴ ዓይኑ እርጥብ ብሏል። እናቴ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኘችኝ።

«የቤት ልጅ? አንቺ? ከገባሽ ጀምሮ ያቺ ሕፃን ስትላላክልሽ አንድ ብርጭቆ እንኳ ከፊትሽ አንሥተሻል? እኔ እንግዳ አላደረግሁሽም፤ ራስሽ ነሽ ተጎልተሽ የዋልሽው!»