የማንሳት ልምምድ

ሶልቫይ ነርሶች በሽተኛ ሲያነሱና ሲያገላብጡ ወገባቸው እንዳይጎዳ የምታስተምር ነርስ ናት። በዴንማርክ፣ በዩትላንድ የባሕር ጠረፍ ባለችው ትንሽ ከተማ ሆስፒታል፣ በአጥንት ሕክምና ክፍል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የራሷን ወገብ ከያዛት ግን እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሕመሙ በግራ እግሯ እስከ ተረከዟ ይወርዳል፤ ካልሲዋን የምታጠልቅላት ልጇ ናት። "ሆድ ይፍጀው" ብላ ይዛዋለች። ከእሷ በፊት "ወገቤን" ያለችውን ነርስ የት እንዳደረሷት ታውቃለቻ፤ ምድር ቤት፣ ቀጠሮ መስጫው ስልክ ጋ። ከበሽተኛ ርቆ ስልክ ሲያነሱ መዋል ለሶልቫይ ጡረታ ነው፣ ያውም ያለ መሸኛ ኬክ።

ዓርብ ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ፍሌሚንግ ብቅ አለ። "የዓመቱን ልምምድ ዛሬ ጨርሱልኝ፤ ሃያ ደቂቃ አላችሁ" ብሎ ሄደ።

አልጋው ግርጌ ቆሜ በአፌ ባስተምር ማን ያውቅብኛል ብላ ነበር። ነገር ግን በዚህ ክፍል በሽተኛ ሆኖ የሚተኛው አስተማሪው ነው። ልማዱን ያመጣችው ደግሞ ራሷ ናት፤ የሚያነሷትን እጆች በገላዋ ካልመዘነች ማረም አትችልም።

"ተኚ እንጂ" አለች ዮርዲስ፣ የረጅም ዘመን ባልደረባዋ። "ወይስ በሽተኛዋ ዛሬ ሌላ ቀጠሮ አላት?"

"ካንቺ እጅ ማምለጥ ነበር ቀጠሮዬ" አለች ሶልቫይ፤ ጥርሷን ነክሳ ጋደም አለች።

ዮርዲስ በቀኝ፣ ቪልፍሬድ በግራ ሆነው አንሶላውን ያዙ። ቪልፍሬድ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ በአርባ ዓመቱ ነርስ የሆነ፣ በጉልበቱ የሚተማመን ሰው ነው።

"ዓይንህ አንሶላው ላይ አይሁን፣ ፊቴን እይ" አለችው ሶልቫይ። "በሽተኛ ትንፋሹን ከያዘ አሞታል ማለት ነው፤ ወዲያው ታቆማለህ።"

ቆጥረው ገለበጧት። ወገቧ ውስጥ የጋለ ሽቦ የተሳበ መሰላት።

ቪልፍሬድ አቆመ። "ትንፋሿን ይዛለች።"

"እያስመሰለች ነው ባክህ፣ ቀጥል" አለች ዮርዲስ።

"ላብም በማስመሰል ይመጣል እንዴ? ግንባሯን እይው።"

"ጎበዝ፣ አልፈሃል" አለች ሶልቫይ ለመሳቅ እየሞከረች። "በቃ፣ ወደ ሥራችሁ ሂዱ።" ከወጡላት ብቻዋን ቀስ ብላ ትነሳለች። ማንም አልወጣም። በክርኗ ልትደገፍ ሞከረች፤ ግራ እግሯ አልታዘዛትም። እንደገና ሞከረች።

ፍሌሚንግ ሰዓቱን እያየ ተመለሰ። "ስድስት ቁጥር ያሉት ሰውዬ ከወንበር አንሱኝ ብለው እየደወሉ ነው፣ አትሰሙም? ሶልቫይ፣ ምን ሆንሽ?"

"መነሳት አቃተኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ሳምንት።"

ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የተረኞቹን ዝርዝር ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። ሁለት ሰው ታሞ ቀርቷል፤ እሷ ሦስተኛ መሆኗ ነው። "ሐኪም ያይሻል፣ አይዞሽ" አለ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። "እስከ ማታ ማን ይቆይልኛል?"

"እኔ እቆያለሁ" አለች ዮርዲስ፤ ለሶልቫይ ትራስ ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ሸሚዟ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ሶልቫይ ቆማ ቢሆን ኖሮ ባላየችው፤ አሁን ግን ዓይኗ ከዮርዲስ ወገብ ትክክል ነው። ሰፊ የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቃለች፤ ጠርዙ ቆዳዋን ልጦታል። የአንድ ቀን ልጣጭ አይደለም።

ዮርዲስ መታየቷ ገባት። ሸሚዟን ወደ ታች ጎትታ፣ በከንፈሯ ብቻ "አደራ" አለች።

"እንግዲያው ዮርዲስ ብዬ ልጻፍ?" አለ ፍሌሚንግ።

ሶልቫይ ምድር ቤት ያለው ስልክ ታያት፤ አሁን የሁለቱም ሊሆን ነው።

"አትጻፍ" አለች።

"ለምን?"

"ንገሪው፣ ዮርዲስ። ካልነገርሽው እኔ ልነግረው ነው።"

ዮርዲስ ከአልጋው ቀና አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሸሚዟን ገለጠች። የፍሌሚንግ እስክሪብቶ እንደተነሳ ቀረ። ሦስቱም የቀረውን ሰው ፍለጋ ወደ አልጋው ማዶ አዩ፤ ቪልፍሬድ ግን የለም። ደወሉ ቆሟል። የስድስት ቁጥሩን ሰውዬ ብቻውን ሊያነሳ ሄዷል።