ምራቲቱ ዓርብ ዓርብ የት ትሄዳለች?

ዶሮ እንኳ እንቁላል ስትጥል ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች። በወይዘሮዋ በዶኛ ሆቪታ ቤት ግን አንድያ ልጇ ታሞ ከተማ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ለእናቲቱ ደህና አድርጎ የነገራት ሰው የለም።

«ጨጓራው ነው እማማ፣ ትንሽ ነገር ናት» አለች ምራቷ ኖሬሊያ። «ሐኪሞቹ ጠያቂ አያስገቡም» አለች ደግሞ። ልጇ ኤልፒዲዮም በስልክ እየሳቀ ያንኑ ደገመላት። ሳቁ ለሆቪታ አልጣማትም። ወልዳ ያሳደገች ናት፤ ያ ሳቅ የእሱ አልነበረም።

«ፊደል ስላልቆጠርኩ ልብም የሌለኝ መሰላቸው» ትላለች ለብቻዋ፣ ለምግብ ተብሎ ለገበያ የምታወጣውን የቁልቋል ቅጠል እሾህ በቢላዋ እየላገች።

እጇን አጣጥፋ ግን አልተቀመጠችም። ዳገቱን ወጥታ፣ እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን መስቀል ላይ ለተሰቀለው፣ ጥቁሩ ክርስቶስ ለሚባለው ምስል ተስላለች። እንደ ወጉ የታመመው ገላ አምሳያ ከቆርቆሮ ተቆርጦ፣ ከመስቀሉ ሥር በተዘረጋው ቀይ ጨርቅ ላይ ይሰካል፤ እግር ላመመው እግር፣ ዓይን ላመመው ዓይን። ጨጓራ የሚባል ቆርቆሮ ስላልተገኘ ሙሉ ሆድ ገዝታ ሰካች። ሻማ አበራች፤ «የልጄን ጨጓራ ማርልኝ» እያለች ጉልበቷ እስኪላጥ ተንበረከከች። ልጇ ግን ወደ ቤት አልተመለሰም።

ይባስ ብሎ ምራቲቱ ጠባይዋ ተለወጠ። ዓርብ ዓርብ በማለዳ ፀጉሯን ታጥባ ትወጣለች። «ጸሎት አለን» ትላለች። ኖሬሊያ ጴንጤ ናት፤ ሆቪታም በዚህ ነገር በሠርጉ ቀን ሳይቀር አኩርፋ ነበር። ጴንጤዎቹ ደግሞ የሚሰበሰቡት ረቡዕና እሑድ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሲዘምሩ ማን ያስተኛል! ጓሮ፣ ከውሃው በርሜል ጀርባ ሆና በስልክ ታንሾካሹካለች። ነፍሷ እስኪወጣ የምትወደውን የአሳማ ጥብስ እርግፍ አድርጋ ትታለች። አንድ ቀን ልብስ ልታጥብ እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ ክንዷ መታጠፊያው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ታየ።

«ምን ነክቶሽ ነው?»

«ትንኝ ነው እማማ።»

«ዘንድሮ ትንኝ ነክሶ ፕላስተርም ይለጥፋል?»

ኖሬሊያ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እጅጌዋን መልሳ አወረደች።

ሆቪታ የታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወንድ። ባሏ አልጋ ላይ ወድቆ እሷ ሌላ ይዛለች። ለዚህ ነው ጠያቂ አይገባም የምትለኝ፤ እናትና ልጅ ተገናኝተው እንዳያወሩባት ነው!

በሚቀጥለው ዓርብ ቁልቋሏን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ተከተለቻት። ኖሬሊያ የአውቶቡሱን ማቆሚያ አልፋ ዳገቱን ያዘች። ሆቪታ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ጴንጤ ከጥቁሩ ክርስቶስ ምን አላት? «እዚያ ማንም ፈልጎ አያገኘኝም ብላ እኮ ነው» አለች በሆዷ። «ብልጥ! ውሽማዋን በጌታዬ ቤት ቀጥራ!»

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆርቆሮ ቆራጩ ዶን ፊደንሲዮ መቀሱን ይዞ ተቀምጧል።

«ምራቴ ገባች አይደል?»

«የትኛዋ ምራት?»

«ስንት ምራት አለኝ አንተ? ጴንጤዋ ነቻ!»

«እኔ ቆርቆሮ ነው የምቆርጠው ዶኛ ሆቪታ፣ ዘበኛ አይደለሁም።»

«ዛሬ አፍህን ማን ሰፋው? የጎረቤቴን ልጅ እርግዝና ከራሷ ቀድመህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም?»

ፊደንሲዮ ዓይኑን ወደ መቀሱ መለሰ። «አደራ አለብኝ። ይግቡና በዓይንዎ ይዩት።»

ገባች። ወንድ የለም። ኖሬሊያ ብቻዋን ከቀዩ ጨርቅ ፊት ቆማ አንድ ነገር ትሰካለች። ሆቪታ ከኋላዋ ቀረበች። ከኤልፒዲዮ ጉርድ ፎቶ ሥር ሁለት ትንንሽ ቆርቆሮዎች በክር ታስረው ተንጠልጥለዋል።

«ምንድን ነው እሱ? ቦሎቄ ነው?»

ኖሬሊያ ደንግጣ በምትሰካበት መርፌ ጣቷን ወጋች። «እማማ!»

«እማማ አትበይኝ! ምንድን ነው?»

ግን ሆቪታ ስንት አሳማ በእጇ የበለተች ሴት ናት፤ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ገብቷታል። አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። «ኩላሊት ነው» አለች። «የልጄ ኩላሊት ነው።»

ኖሬሊያ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። ደሙ የሚታጠበው በማሽን ነው። እንዳልነግርዎ ራሱ አስምሎኝ ነው እማማ። ‹እናቴ ከሰማች የራሴን ካልሰጠሁ ብላ ሐኪሙን ታንቃለች› አለኝ።»

«አንቃለሁ!»

«ዕድሜዎ አይፈቅድም።»

«አንቺ ነሽ ዕድሜዬን የምትነግሪኝ?» ሆቪታ አፍንጫዋን በሻርፗ ጠረገች። «አንደኛው የእሱ ነው። ሁለተኛውስ?»

ኖሬሊያ እጅጌዋን ሰብስባ ፕላስተሩን አሳየቻት። «የኔ ነው። ደማችን ገጥሟል። ዓርብ ዓርብ ምርመራ ነበረብኝ፤ የአሳማ ጥብሱንም ያስተዉኝ ሐኪሞቹ ናቸው። ሰኞ ሁለታችንንም ይከፍቱናል።»

ሆቪታ ፕላስተሩን በጣቷ ጫፍ ነካች።

«ሐኪሞቹ ይድናል ይላሉ?»

«ይድናል ይላሉ። ላይሆንም ይችላል ይላሉ።»

«ሐኪም ሁለቱንም ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሰዎችሽስ እዚህ መምጣትሽን ያውቃሉ?»

«ቢያውቁ ለጣዖት ሰገድሽ ብለው ያባርሩኛል።» ኖሬሊያ የተወጋ ጣቷን በሌላው እጇ ጨበጠች። «ፈራሁ እማማ። በኛ ቤት ጸለይኩ፣ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ኤልፒዲዮ ልጅ ሳለ በትኩሳት ሊሞት ሲል እርስዎ እዚህ ተሸክመውት እንደመጡ ነግሮኛል። ጌታ እንደሆነ ያው አንድ ነው ብዬ መጣሁ።»

ሆቪታ ቀና ብላ ጥቁሩን ክርስቶስ በጥርጣሬ አየችው። «አንተም ታውቅ ነበር! ሆድ ሆድ እያልኩ ስዘባርቅ ዝም ብለህ ታየኛለህ!»

እሱ እንደ ሁልጊዜው አንገቱን ደፍቷል። እሷ ግን ካፏ ከወጣ በኋላ ሌላ ነገር ታያት። የበሽታውን ስም አሳስታ ነው የለመነችው፤ እሱ ግን አልተሳሳተም። ደሟ ከልጇ ደም የሚገጥም ሴት በቤቷ ልብሷን እያጠበችላት ኖራለች፤ እሷ ግን ጓሮ ለጓሮ ወንድ ስትፈልግባት ከርማለች። ይህችን ልጅ በሠርጓ ቀን እንኳ በደስታ አልተቀበለቻትም። ማን አመጣት ታዲያ? ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ ጋር ማን አቆያት? እዚህ ድረስ ያደረሰን እሱ ሰኞ መንገድ ላይ ጥሎን አይሄድም አለች በልቧ። ሻርፗን ከራሷ ላይ ገልጣ ወደ ኋላ ጣለች።

ኖሬሊያ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ተነሳች። ሆቪታ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ወዴት ነው? ተቀመጪ! እኔ ስሙን የማላውቀውን በሽታ ማርልኝ ስል ከርሜያለሁ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። በይ አሁን እንደ ቤተ ክርስቲያንሽ ጮክ ብለሽ ጸልዪ፣ ፊደንሲዮ ቢሰማ ይስማ! ኩላሊት ከሆነ ኩላሊት በይው፣ ቢላዋ ከሆነ ቢላዋ በይው፤ ልጄንም ራስሽንም በስም ጥሪ፣ ምንም እንዳትደብቂ። አሜን የምለው እኔ ነኝ። ስትጨርሺ ደግሞ ቀድመሽ ውረጂና አውቶቡሱ ላይ ከጎንሽ ቦታ ያዢልኝ።»