በሚዛን ላይ የተነሣ ይግባኝ

«ለነገሩ ጨካኝ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጎረቤት፣ ያንሾካሾከች መስሏት።

ታላቅ እህት ሰማች። ጆሮዋ ለክፉ ወሬ ደንቁሮ አያውቅም። የሻይ ትሪውን እንደያዘች ዞር ብላ ሴትዮዋን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻትና ብርጭቆውን እጇ ላይ አስጨበጠቻት።

«ጠጪ። አፍ ሥራ ሲይዝ ሰው አያማም።»

ታናሽ እህቷ ከተቀበረች ወዲህ ቤቱ ከሰው ጠርቶ አያውቅም። ግማሹ ሊያጽናና፣ ግማሹ ደግሞ በእርግጥ መሞቷን ሊያረጋግጥ የሚመጣ ይመስላል። ሟቿ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ኤጀንሲ የሚልካቸውን ጊዜያዊ አስታማሚዎች የምትመዝን ሰው ነበረች። ቋሚዋ በታመመች ወይም በወለደች ቁጥር ምትክ ይመጣል፤ ምትኳ አሮጊቶቹን ከመንካቷ በፊት እሷን መንካት አለባት። ባዶ አልጋ ላይ በጀርባዋ ትንጋለልና ሰውነቷን እንደ ራሰ ጆንያ ትለቀዋለች። «በይ፣ እኔ አፌ የተያዘ አሮጊት ነኝ። አገላብጪኝ» ትላለች። ከዚያ ዝም። ሲያበቃ ወይ «ነገ ነይ» ነው፣ ወይ «ሂጂ»። ምክንያት ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ «ሚዛን» ብለው ስም አወጡላት፤ ሚዛን ለምን እንደከበድክ፣ ለምን እንደቀለልክ መች ያስረዳል።

ለታላቅ እህት ግን ሚዛንም አይደለች፣ ጣጣ ነበረች። ማታ ከሥራ ስትገባ እንደ ሰው «እንዴት ዋልሽ» አትልም። ከኋላ መጥታ በረዶ የመሰለ እጇን ማጅራቷ ላይ ትለጥፋለች።

«ምን ተሰማሽ?»

«እባብ! አንሺልኝ ይሄን እጅሽን!»

«አየሽ፣ አንቺ መጮህ ትችያለሽ» ትልና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ራቷን ልትበላ ትቀመጣለች።

ራሷ አልጋ ላይ ስትወድቅም አልተወችም። ያው ኤጀንሲ አስታማሚ ይልካል፣ እሷ ትመልሳለች። አንዷ ወጣች፣ ሌላዋ ገባች። ታላቅ እህት ናላዋ ዞረ። «አንቺ ሴት፣ ሞት ራሱ ቢመጣ ለሙከራ ሳትቀጥሪው አትሄጂም» አለቻት አንድ ቀን። በሽተኛዋ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ አፏ ተያዘ፤ ድምፅ አላወጣችም። እስከ መጨረሻው ያገላበጠቻት ታላቅ እህት ናት፤ ለእሷ ግን ነገ ነይም፣ ሂጂም የሚላት አልነበረም።

ትሪውን ይዛ ወደ ኩሽና ተመለሰች። እዚያ አንዲት ረጅም ሴት ብርጭቆ ታጥባለች። ማንም አልጠራትም፤ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ጠዋት ትመጣለች፣ ታጥባለች፣ ትሄዳለች።

«ለመሆኑ አንቺ የማን ነሽ?»

ሴትዮዋ ከቧንቧው ቀና ሳትል ነገረቻት። ከሚዛን ፊት «ሂጂ» ከተባሉት አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ኤጀንሲው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርውሯታል፤ በሽተኛ የሚያስነካት የለም።

«እናቴን አስታምሜ የቀበርኩ ሰው ነኝ፣ እትዬ። አንሶላው ሳይጨማደድ፣ እህትዎንም ሳይጎረብጣቸው አገላበጥኳቸው። ምን አጎደልኩ? ልጠይቃቸው ስል ስል ሞቱብኝ።»

«ሙት አይጠየቅም።»

«እርስዎ ግን አሉ።»

እኔ ምን አውቄ ልትላት አፏን ከፈተች። ረጅሟ የታጠበውን ብርጭቆ ስታቀብላት ጣቶቻቸው ተነካኩ። የታላቅ እህት ማጅራት ተሰቀጠጠ።

«ያን ቀን ከምን ሥራ ላይ ነው የጠራችሽ?»

«ባልዲ ሳጥብ ነበር።»

«በቀዝቃዛ ውሃ።»

«እንግዲህ ባልዲ ለማጠብ ውሃ አላፈላ።»

ታላቅ እህት ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እጅሽ ነው። በረዶ እጅሽን ሳታሞቂ ነው የነካሻት።»

ረጅሟ እጇን የሌላ ሰው ይመስል ገልብጣ አየችው። «ለዚህ? ቢነግሩኝ አላሞቀውም ነበር?»

«ሲነገረውማ ማን የማያሞቅ አለ። ሳይነገራት የምታሞቀዋን ነበር የምትፈልገው።»

«ታዲያ ያልተነገረውን ሰው ከየት ይማረው፣ እትዬ?»

ታላቅ እህት ያልታጠበ ብርጭቆ አንስታ ታጥብ ጀመር። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። እህቷም እውነቷን ነበር፤ አፏ የተያዘ አሮጊት ብርዱን ለማን አቤት ትላለች? የሁለቱም እውነት መሆን ይበልጥ አንገበገባት። ከሙት ጋር መጣላት ምን ያደርጋል፣ የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የእሷ ነው።

እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወደ ሳሎን ወጣች። የመጦሪያው ኃላፊ ከለቀስተኞቹ መሃል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ኩሽና ያለችውን ረጅሟን ሴትዮ ወደ ማስታመሙ መልሳት።»

ኃላፊው ለስላሳ ለስላሳ ቃል እየመረጠ፣ ግምገማው ያለቀለት እንደሆነ፣ ኤጀንሲውም እንደማይስማማ፣ ይህም የለቅሶ ቤት እንደሆነ አስረዳት።

«የፈረደችው ዳኛ ሞታለች» አለችው። «ይግባኙን ኩሽና ሆኜ እኔ ሰምቻለሁ። ነገ አልጋ ላይ ተንጋለልና ታገላብጥህ። ከበረደህ አባራት።»

በሩ አጠገብ ያለችው ጎረቤት ሻይ ትን አላት። ኃላፊው ግራ ቀኝ አየ፤ የሚያድነው ሰው አጣ።

«እሺ» አለ፤ «ነገ ትምጣ።»

ጀምበር ሳትጠልቅ ሰዉ ሳሳ። ታላቅ እህት ረጅሟን «ሂጂ እረፊ፣ ነገ ሥራ አለሽ» ብላ ሸኘቻትና የቀሩትን ብርጭቆዎች ራሷ አጠበች። ከዚያ ከቀብሩ ወዲህ ያልገባችበትን የእህቷን ክፍል ከፈተች። አንሶላው መነሣት አለበት፤ እስከ መቼ እንዲህ ይቀመጣል። ትራሱ መሃሉ እንደጎደጎደ ነው።

እጇን ሰደደች። ሳትነካው መለሰችው።

«ግትር» አለቻት።

ከዚያ መዳፎቿን በቀሚሷ ጠረገች፣ አሻሸቻቸው፣ እፍ አለችባቸው፤ አልበቃ ቢላት ብብቶቿ ሥር ወሽቃቸው፣ አልጋው አጠገብ እስኪሞቁ ቆመች።