የሚጢጢ አባት በሕግ

ልጅቱን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም ሚጢጢ ይላታል። አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ትልቁ መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል፤ ሰፈሩም «ጎሚስታው» ይለዋል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱ ተዋደው ነበር እንጂ አልተጋቡም። ልጅቱ ልትወለድ ጥቂት ሲቀራት ተኳረፉና እናቲቱ ወደ ገዛ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሽማግሌው፣ የሚጢጢ አያት፣ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ ፊታቸው ቶሎ አይፈታም። ሚጢጢ ስትመዘገብ በእሳቸው ስም እንድትጠራ ተደረገ፤ «አባት» የሚለው ቦታ ግን ባዶውን ቀረ።

ጎሚስታው ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኩርፊያው ከበረደ ቆይቷል፤ ከእናቲቱ ጋር እንደ ድሮው ባይሆንም በሰላም ይነጋገራሉ፣ እሁድ እሁድም ልጁን ይወስዳል። «አባዬ» ብላ ስትሮጥበት ሌላ ምን ያስፈልገኛል ይል ነበር።

አንድ እሁድ ሚጢጢ ከዥዋዥዌ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። አቅፏት ሆስፒታል በረረ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ ወላጅ ይፈርም አለ። ነርሷ መዝገቡን አየች።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አባት የለም።»

«እንዴት የለም? ይኸው ቆሜ!»

«እሱማ አይቼሃለሁ። ግን በሕግ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ? እናትየዋ ትምጣ።»

እናቲቱ ለደንበኛ የሠርግ ልብስ ልታደርስ ከከተማ ወጥታ ነበር። እስክትደርስ ድረስ ሚጢጢ «አባዬ፣ ቶሎ በሉ በላቸው» እያለች አለቀሰች። እሱ ፀጉሯን ከመዳበስ በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። እናቲቱ እያለከለከች ደርሳ ፈረመች፣ ክንዷም በደህና ተጠገነ። የዚያን ቀኑ ነገር ግን ከሆዱ አልወጣም።

ልጅቱ ከሆስፒታል እንደወጣች እናቲቱ ልብስ ስፌት ቤት ሄደ።

«በሕግም አባቷ ልሁን» አላት። «መዝገብ ቤት አብረን ቀርበን ብንናገር ይበቃል አሉኝ።»

እናቲቱ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ አነሳች። «ከዚያስ? ነገ ተነስተህ ልጄን ስጪኝ ልትለኝ?»

«ምን በወጣኝ!»

«አባቴም እሺ አይል። ይቅርብን፣ በቃ።»

ደጋግሞ ለመናት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቢቸግረው ለፍርድ ቤት አመለከተ። መጥሪያው ሲደርሳት አኮረፈችው፤ ሽማግሌውም ሰላምታ ነሱት። ደግነቱ፣ እሁድን አልከለከሉትም።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነበር። ዳኛዋ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ወደ እናቲቱ ዞሩ።

«አባትነቱን ይክዳሉ?»

«አልክድም፣ ክብርት ዳኛ። አባቷ እሱ ነው። ይወስድብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«አባትነቱ ይታወቅ ማለት ልጅቱ ትነጠቅ ማለት አይደለም። ኑሮዋ ከእርስዎ ጋር ነው። ስለ ሕክምናዋና ስለ ትምህርቷ ግን እሱም ይጠየቃል፤ ማሳደግም ግዴታው ይሆናል።» ወደ ጎሚስታው ዞሩ። «ግዴታውንስ ይቀበላሉ?»

«እሱንማ ሳይጻፍብኝም ይዤዋለሁ።»

ዳኛዋ ፈገግ አሉ። «አንድ ነገር ቀረ። ልጅቱ የምትጠራው በአያቷ ስም ነው። በእርስዎ እንዲተካ ይፈልጋሉ?»

ጎሚስታው ዞር አለ። ሽማግሌው ከኋላ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጥርሷ ሲበቅል አዝለው ያባበሏት፣ እጇን ይዘው ወፌ ቆመች ያሏት እሳቸው ናቸው። እሱም ቢሆን ብቻውን ሲሆን ስሟን ከስሙ ጋር አያይዞ ጠርቶት ያውቃል፤ ደስ ይላል። ወደ ዳኛዋ ተመለሰ።

«ስሟ እንዳለ ይሁን፣ ክብርት ዳኛ። ለምዳዋለች። እኔ አባቷ ተብዬ ልጻፍ እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

እንዳለው ተወሰነ። ኮሪደሩ ላይ ሽማግሌው ከኋላው ደረሱበት።

«አንተ!»

«አቤት፣ አባባ።»

«ከእሁድ ሌላ አይመችህም?»

«ከሥራ ስወጣ፣ ማታ ማታ ይመቸኛል።»

«እንግዲያው ና። ደግሞ እንደ እንግዳ በር አታንኳኳ፤ ዝም ብለህ ግባ።» ኮፍያቸውን ደፍተው ቀድመው ወረዱ።

እናቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። «አባቴን ዛሬ ምን ነካው?»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጎሚስታው የጭነት መኪና ጎማ ሲፈታ ስልኩ ጮኸ። እናቲቱ ናት። ሚጢጢን የምታስገባበት መዋዕለ ሕፃናት ሁለት አግኝታለች፤ አንዱ ቅርብ ነው ግን ጠባብ፣ ሌላው ራቅ ይላል ግን ሜዳ አለው።

«ምን ትላለህ?»

እስከ ዛሬ ምን ትላለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። «እኔ እንጃ...»

«እኔ እንጃ ለማለት ነው ፍርድ ቤት ያቆምከኝ?» ሳቋ በስልኩ ተሰማው።

እሱም ሳቀ። «ቆይ፣ እጄን ልታጠብና ልምጣ። አብረን ሄደን እንየው።»